ክቡር ቀማሽና የተኛው ወይን

የአንድ ሰው ዕድሜ እንደ ወይን ተጨምቆ፣ አተላው ተለይቶ ቢቀዳ ስንት ብርጭቆ ይወጣዋል? እኔ በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ አንብቤ፣ ከማንበቤም በላይ ተክዤ፣ መልሱን ሳላገኝ ጡረታ ወጣሁ። የእህቴ ባል ግን አንድ ገጽ ሳይገልጡ መልሱ አላቸው። ቢጠይቋቸው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሱና «እሱ እንደ ጠርሙሱ አያያዝ ነው» ይላሉ።

ቤተሰብ የተባለ ሁሉ ማንም ያልመረጠው፣ ማንም የማይሽረው አንድ የወይን ሹም አለው። በዓል ሲቃረብ ራሱን በራሱ ይሾማል። እሱ ሳያይ፣ ሳያሸት፣ ሳይቀምስና ሳያጣጥል በማንም ጉሮሮ ጠብታ አይወርድም። የእኛው ሹም «ክቡር ቀማሽ» ይባላሉ። ማዕረጉን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ለማሾፍ ነበር። እሳቸው ግን አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉት።

ክቡርነታቸው በሙያቸው ሰዓት ጠጋኝ ናቸው። ከደረጃ ሥር ባለች፣ ደንበኛ ሲገባ በሩ በማይዘጋባት ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ዓይናቸው ማጉያ መነጽር ገጥመው አርባ ዓመት ኖረዋል። ወይን ሊገዙ የሚሄዱትም ያችኑ ማጉያ ይዘው ነው። አንድ ጊዜ ለሸክም አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ጠርሙሱን ከአንገቱ እስከ ቂጡ መረመሩና ባለሱቁን በጥርጣሬ አዩት።

«ይኼ ጠርሙስ ቆሞ ነው የከረመው ወይስ ተኝቶ?»

«አባባ፣ እኔ ራሴ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ። የጠርሙሱን አልጠየቅኩትም።»

«የቆመ ጠርሙስ ቡሹ ይደርቃል። ቡሹ የደረቀ እንደሆነ ደግሞ…»

«በቃ ይውሰዱትና ቤትዎ ያስተኙት!»

ከኋላችን የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ክቡርነታቸው አልሳቁም። ጠርሙሱን እንደ ጨቅላ አጋድመው ታቅፈውት ወጡ።

ትልቁ ሥርዓት ግን የሚፈጸመው ማዕድ ላይ ነው። ምግቡ ቀርቧል፤ እንፋሎቱ ይታያል፤ ሁላችንም ሹካ ይዘናል። ክቡርነታቸው ቡሹን ይነቅላሉ፣ ያሸቱታል፣ በማጉያ ያዩታል። ከዚያ ትንሽ ይቀዳሉ፣ ያዞራሉ፣ አፍንጫቸውን ብርጭቆው ውስጥ ይከታሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ጉንጭ ይይዛሉ። እንፋሎቱ መታየቱን ያቆማል። በመጨረሻ ይውጡትና ፍርዱን ይሰጣሉ።

«ተኝቷል። ሃያ ሁለት ደቂቃ ስጡት፤ ይነቃል።»

«ለምን ሃያ አይሆንም?» ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

«ሃያ ግምት ነው» አሉኝ። «ሃያ ሁለት ዕውቀት ነው።»

ከዚያ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። እኛም የቀዘቀዘ ሥጋ እያየን እንጠብቃለን። እነሆ በዚህ ሁኔታ ሠላሳ በዓል አልፏል።

ባለቤቴ አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና «ቆይ፣ ‘ደረቅ ወይን’ የምትለው ምንድን ነው? ፈሳሽ ነገር እንዴት ደረቅ ይባላል?» አለቻቸው።

ወደ እኔ ጠቆሙ። «ባልሽስ? ዝናብ ላይ ቢያቆሙትም ደረቅ አይደል?»

ይኼንን ይቅር ብያለሁ። ይቅር ያላልኩት፣ አንድ በዓል ብዙ መርጬና ተጨንቄ ያመጣሁትን ጠርሙስ ከቀመሱ በኋላ «መልካም ነው፤ ሰላጣ ላይ ይሄዳል» ማለታቸውን ነው። ከዚያው አንድ ማንኪያ ቀድተው ሰላጣዬ ላይ አፈሰሱልኝ። ይባስ ብሎ ጣፈጠ።

«ተኝቷል» የምትለው ቃል ግን ከወይን አልመጣችም። የአባቴ ሰዓት ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ ወደ ክፍላቸው ወስጄ «ይኼ እንኳ ሞቷል» ስላቸው፣ ጆሯቸው ሥር አስጠግተው ብዙ ካዳመጡ በኋላ «አልሞተም፤ ተኝቷል» ነበር ያሉኝ። በሳምንቱ እየመታ ሰጡኝ፤ ዛሬም እጄ ላይ ነው። ስለ የትኛውም ሰዓት «ሞቷል» ሲሉ የሰማቸው የለም። በእውነት ያለቀለት ሲመጣባቸው ወረቀት በክር አስረው ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል። ባለቤቱንም «ገና ተኝቷል፤ ደግሞ ብቅ በል» እያሉ ያመላልሱታል። ያ መሳቢያ ዛሬ በግድ ነው የሚዘጋው።

ያለፈው በዓል አምስት ቀን ሲቀረው እህቴ ደወለች።

«ጋሼ… ተኝቷል» አለችኝ።

ክቡርነታቸው ለበዓሉ ብለው ያስቀመጡትን ጠርሙስ አስቀድመው የቀመሱት መሰለኝ። «ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? ክፍቱን ተዪው፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ ሲሞላው ራሱ ይነቃል!» ብዬ ሳቅሁ።

ሳጓ ተሰማኝ። «ሆስፒታል ነው የምልህ፣ ጋሼ። ልቡን ነው።»

ከዚህ በኋላ አንቱታውን ልተወው። ደረቱ ላይ ሽቦ የተለጠፈበትን ሰው «ክቡርነታቸው» እያልኩ መቀለድ አልሆንልህ አለኝ። ሁለት ቀን አላስገቡንም። እህቴና እኔ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሐኪሙ በወጣ ቁጥር እንነሳለን። ሐኪሙም «ተኝቷል፤ እንጠብቅ» ይለናል። እኔ የዚያ መሳቢያ ነገር ትዝ ይለኛል።

በሦስተኛው ቀን አስገቡኝ። መልኩ አመድ መስሏል።

«ምን አሉህ?»

«በቀን አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል አሉኝ።»

«ምኑ?»

«ልቤ ነዋ! አንተ ፈላስፋ፣ መቼ ነው ቶሎ የሚገባህ?» ከትራሱ ሥር ቁራጭ ወረቀት አወጣ፤ በክር ሰዓት ላይ የሚያስራት ዓይነት ናት። «ይችን ጠርሙሱ አንገት ላይ እሰርልኝ። ለዚያ ቀን ብዬ ነው ያቆየሁት።» ወረቀቷ ላይ «በበዓሉ ቀን ሳትጠብቁኝ ክፈቱት» ተብሎ ተጽፏል።

«እሺ» አልኩት። በሰባ ሦስት ዓመቴ ዋሸሁ።

በበዓሉ ቀን እህቴ ቤት ተሰበሰብን። ጠርሙሱ ወረቀቱን አንገቱ ላይ አስሮ ቁም ሣጥኑ ላይ ተጋድሟል። ባለቤቴ መንቀያውን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። ውሃ ጠጣን። ውሃ ተኝቶም ነቅቶም ያው ነው። ምግቡ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ማንም ግን የበላ አልነበረም።

በዓሉ ካለፈ በዘጠነኛው ቀን ለቀቁት። ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ተበጅቶለታል፤ የሰዓቱ ማሰሪያ እጁ ላይ ይዞራል። ማዕዱን እንደገና አዘጋጅተን ጠበቅነው። ገና ከበሩ መጀመሪያ ያየው እኛን ሳይሆን ቁም ሣጥኑን ነው።

«አልከፈታችሁትም?»

«ረስተነው ነው» አልኩ።

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ? ማንበብ የምትችል መስሎኝ!»

ሐኪሙ አንድ ጉንጭ ፈቅዶለታል። ቡሹን እኔ ነቀልኩለት። አሸተተው፣ በማጉያው አየው። ብርጭቆውን አዞረ። የፈራሁት አንዲት ቃል ነበረች፦ «ጥሩ ነው» እንዳይል። በሠላሳ በዓል አንድም ቀን እንዲህ ብሎ አያውቅም። ሁሉን ጥሩ ነው የሚል ሰው፣ የቀረውን ትቶ ለመሄድ የተነሳ ሰው ነው። ያችን አንድ ጉንጭ ያዘ፤ ዓይኑን ጨፈነ። እህቴ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጣ ቆማለች። ዋጠ። ፊቱን ቅጭም አደረገ።

«ተኝቷል» አለ።

እፎይ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ደረቴ ውስጥ የያዝኩትን ትንፋሽ ለቀቅሁት። እህቴ እየሳቀች ታለቅሳለች። ባለቤቴ ብርጭቆዋን ዘረጋች፤ እኔም ጠርሙሱን አንስቼ እስከ አፉ ሞላሁላት፤ ከዚያ ለእህቴ፣ ከዚያ ለራሴ።

«ምን ያስቃችኋል? ተው፣ አንተ ፈላስፋ! ተኝቷል እያልኩህ!» ሰዓቱን ከቀጠነ እጁ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «የእኔ ድርሻ አልቋል፤ ለራሴ አይደለም፤ እናንተ ደህናውን እንድትጠጡ ብዬ ነው። እባካችሁ፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ ብቻ ስጡት» ብሎ ለመነን።

ማንም አልሰጠውም።