ሰዋቸውን ሊያስቆጥሩ የመጡ ከዋክብት

ትናንት ሌሊት መምህር አስናቀው ሕልም አየ። ሌሊት ይየው እንጂ በሕልሙ ውስጥ ጊዜው ልክ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። ከዋክብቱ አንድ ሳይቀሩ ወጥተው፣ ደጀን ከተማ መሀል፣ እሱ ፊዚክስ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ተሰልፈዋል።

ከመተኛቱ በፊት የሆነውን ካልነገርኳችሁ ግን ሕልሙ አይገባችሁም። ማምሻውን ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤት መልእክት መጥቶ ነበር። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወፍጮ ቤት ያላቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው ይትባረክ የመምህር አስናቀውን ልጅ ምንያምርን ሊያገባ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቃል ተሰጥቶ፣ የሠርጉን ቀን መቁረጥ ብቻ ነበር የቀረው። ሴትዮዋ ለደንቡ ያህል የሁለቱን ልጆች ኮከብ ሲያስቆጥሩ ቆጣሪው ደብተራ «ልጅት እሳት ናት፣ ልጁ ውሃ ነው፤ አይገጥሙም» አላቸው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በማግስቱ፣ እሁድ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥተው ነገሩን ሊያፈርሱት ነው። ምንያምር ይህን ስትሰማ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። አባቷ ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ለዘጠነኛ ክፍል ያስተማረውን ለሚስቱ ለዘነቡ ደገመላት። ኮከብ የጋለ ጋዝ ነው፣ ስማችንን አያውቅም፣ የእናታችንንም ስም አያውቅም አላት። «እኔ ደብተራ ደጅ ሄጄ አልለምንም» ብሎ እራቱን ሳይበላ ተኛ።

እናም በሕልሙ፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ በዘበኝነት የቆመችው ፀሐይ ነበረች። ካኪ ካፖርት ደርባ፣ ደብተር ይዛ፣ የሚገባውን ትመዘግባለች።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት።

«ምን ላድርግ መምህር፣ መካከለኛ ሠራተኛ ነኝ» አለችው። «መልኬ ቢጫ፣ ቁመቴ መካከለኛ፣ ሙቀቴም መካከለኛ። ከአገልግሎቴ ግማሹ አልቋል፣ ግማሹ ቀርቷል። ስለቀረብኳችሁ ነው ትልቅ ያደረጋችሁኝ።»

«ጡረታሽ መቼ ነው?»

«የዛሬ አምስት ቢሊዮን ዓመት። ያን ጊዜ አብጬና ቀልቼ ሰፈሩን ሁሉ አስቸግራለሁ፣ ከዚያ አርፋለሁ። አሁን ይግቡ፣ ባለጉዳይ እየጠበቀዎት ነው።»

ገባ። ክፍሉ የራሱ ክፍል ነው፣ ዘጠነኛ ለ። ርእሰ መምህሩ አርፍደው በመምጣታቸው ጥግ ላይ ተንበርክከዋል። አንዲት ፍየል የስም መጥሪያውን ይዛ ከፊታቸው ቆማ የቀሪ ተማሪዎችን ስም እየለየች ትበላለች። ሰሌዳው ላይ በራሱ እጅ ጽሕፈት «የሰው ቆጠራ ጽሕፈት ቤት» ተብሎ ተጽፏል። መምህር አስናቀው በዚህ ሁሉ ምንም አልገረመውም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ጠመኔ አነሳ።

በእኛ አገር ሰው ስሙንና የእናቱን ስም ሰጥቶ ኮከቡን ያስቆጥራል። እዚያ ደግሞ ኮከብ ስሙንና የእናቱን ስም ይሰጥና ሰውየውን ያስቆጥራል። ማን በተባለ ሰው እንደተወለደ፣ ሰውየው ቁጡ ይሁን ገራገር፣ ዘንድሮ ይቅናው አይቅናው ማወቅ ይፈልጋል። ሥራው ይኸው ነው።

አንድ ግዙፍ ሰማያዊ ኮከብ ሰልፉን በክርኑ እየገፋ ፊት ለፊት መጣ።

«ወረፋ ይጠብቁ እንጂ ጌታዬ» አለው መምህሩ።

«የምጠብቅበት ዕድሜ የለኝም» አለ ኮከቡ። «ሲጀመር የተሰጠኝ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ነው። ሁለቱን እዚህ ሰልፍ ላይ ጨረስኩት።»

መምህር አስናቀው ክርክር አልገጠመም፤ እውነት መሆኑን ያውቃል። ትልቅ ኮከብ እንደ ቅምጥል ልጅ ነው፣ የተሰጠውን ሁሉ ባንዴ አቃጥሎ ይጨርሳል።

«የእናት ስም?»

«ደመና።»

ከሱ ኋላ ያለውንም ጠየቀ፤ ደመና። ሦስተኛዋም ደመና አለች። መቶ ያህል መዝግቦ እጁ ሲደክመው፣ ሁሉም ከአንድ የጋዝና የአቧራ ደመና የተወለዱ ወንድማማችና እህትማማች መሆናቸው ትዝ አለውና ሌላውን «ከላይኛው ጋር ተመሳሳይ» እያለ ሞላው። ቅጽ መሙላት ሲበዛ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው።

በዚህ መሀል ከጎረቤት ክፍል ጩኸት ተሰማ። ሄዶ ሲያይ ፀሐይ ሁለት ማረፊያ ክፍል አዘጋጅታለች። አንደኛው በር ላይ ሰማያዊ ቀብታ «ቀዝቃዛ»፣ ሌላው ላይ ቀይ ቀብታ «ሙቅ» ብላ ጽፋለች። ግዙፉ ሰማያዊ ኮከብ በመልኩ ቀዝቃዛው ክፍል ገብቶ የበሩ ብረት ቀልጧል፣ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ይንፈቀፈቃል። ሙቁ ክፍል ውስጥ ደግሞ ትንንሽ ቀያይ ኮከቦች እየተንቀጠቀጡ ጋቢ ይለምናሉ።

«ገልብጠሽዋል» አላት መምህሩ። «ሰማያዊው ነው ትኩሱ። ቀዩ ነው ከሁሉም የሚቀዘቅዘው።»

«እኔ የማውቀው የሆቴል ቧንቧ ነው» አለች ፀሐይ።

በየዓመቱ ፈተና ላይ ተማሪው ሁሉ የሚሳሳታት ይቺው ጥያቄ ናት። መምህር አስናቀው በሕልሙም ቢሆን ትንሽ ተናደደ።

ወደ ወንበሩ ሲመለስ አንዲት ቀይ ኮከብ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። የመጣውን ሁሉ «ይለፉ፣ እኔ አልቸኩልም» ትላለች። ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንዳለች ጠየቃት። «ከመጀመሪያው ጀምሮ» አለችው። እንደ አያያዟ ከሆነ ሌሎቹ ሁሉ አልቀው የሹራቡን እጅጌ ገና ትጀምራለች። ካጠገቧ አንዲት ነጭ አሮጊት ኮከብ፣ ከሌሎቹ ጋር ስትተያይ የሽምብራ ፍሬ የምታክል፣ ልትቀመጥ ስትል አግዳሚው ወንበር ሁለት ቦታ ተሰበረ።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አለችው። «ድሮ ትልቅ ነበርኩ። ነዳጄ ሲያልቅ ተሰበሰብኩ። ክብደቴ ግን አልሄደም፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ከኔ ብትጨልፍ ጭነት የሞላ አይሱዙ ያህል ይመዝናል።»

«ምንም አይደለም እማማ» አላት። «የመንግሥት ወንበር ነው።»

ቀጥሎ ሁለት ኮከቦች አብረው ገቡ። አንዷ ቀላ ያለች፣ አንዱ ሰማያዊ፤ እርስ በርስ እየተዟዟሩ ስለሚሄዱ የሚያያቸው ሰው ያዞረዋል። በመስኮቱ በኩል እናታቸው ደመና አንገቷን አስግጋ ታያለች።

«ምን ልርዳችሁ?»

«ሰዎቻችን ይገጥሙ እንደሆነ ቁጠርልን» አለች ቀይዋ። «እናታችን ሰዎቻቸው ካልገጠሙ አብረው አይዞሩም ብላለች።»

«ባይገጥሙስ?»

«ስንዞር የኖርነው እርስ በርሳችን ነው» አለ ሰማያዊው። «ከለያያችሁን ወዴት እንደምንሄድ አናውቅም።»

መምህር አስናቀው አዘነላቸው። ደግሞም ነገሩ ቀላል መሰለው። ጠመኔውን አዘጋጅቶ «የሰዎቻችሁን ስም ስጡኝ» አለ።

«የኔ ይትባረክ ይባላል። የእናቱ ስም ጥሩወርቅ።»

«የኔ ምንያምር ትባላለች» አለች ቀይዋ። «የእናቷ ስም ዘነቡ።»

እጁ ላይ ያለው ጠመኔ ከበደው። ደብተራው «እሳት» ያላት የምንያምር ኮከብ እቺው ቀይዋ ናት፤ «ውሃ» ያለው የይትባረክ ኮከብ ደግሞ ሰማያዊው፣ ከሁለቱ የሚብሰው ትኩስ። ሁለቱም እሳት ናቸው፣ ውሃ የሚባል ነገር የለም ሊል አፉን ከፈተ። ደመና ግን በመስኮት ቀደመችው።

«ሳይንስህን ተውና ቁጠር» አለችው። «ደግሞ የዓለም ስም አይቆጠርም። የልጅቱን የክርስትና ስም አምጣ።»

ፍየሏ ማኘኳን አቆመች። ርእሰ መምህሩም ከተንበረከኩበት ቀና ብለው አዩት።

የልጁን የክርስትና ስም አያውቀውም። ምንያምር ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ስትነሣ እሱ ባሕር ዳር የክረምት ኮርስ ላይ ነበር፣ ስለ ከዋክብት እየተማረ። ሲመለስ ነግረውት ነበር፤ ወለተ የሚል አለበት፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፍቶታል። ሃያ አራት ዓመት አልጠየቀም።

«የኛን ርቀት ታውቃለህ?» አለች ነጯ አሮጊት ከተሰበረው ወንበር ላይ ሆና።

«አውቃለሁ እማማ። የቅርባችሁ ብርሃን አራት ዓመት ተጉዞ ነው የሚደርሰን። የአንዳንዶቻችሁ ሺህ ዓመት ይፈጅበታል።»

«ጥሩ ተምረሃል። ትናንት ማታ ልጅህ ያለቀሰችበት ጓዳ አንተ ከተኛህበት ስንት ክንድ ይርቃል?»

«ስድስት ክንድ ቢሆን ነው።»

«ታዲያ ምነው እስካሁን አልደረሰህ?»

አፈረ። በዕድሜው እንዲህ ያፈረበት ጊዜ ትዝ አይለውም። ሁለቱ ኮከቦች መዞራቸውን ቀስ አድርገው ፊቱን ያዩታል፣ ሰልፉ እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ ድረስ ተዘርግቷል፣ ሁሉም የሚጠብቀው ያቺን አንዲት ስም ነው። «ወለተ» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ቀጣዩን ሊጽፍ ሲል ጠመኔው ተሰበረ። አዲስ አነሳ፣ እሱም ተሰበረ። «ወለተ» አለ በአፉ። «ወለተ…»

«ምን ሆነህ ነው የምትቃዠው? ተነሥ፣ ነግቷል» አለችው ዘነቡ።

ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ፊቱ ላይ አርፋለች። ካፖርቷን አውልቃለች። መምህር አስናቀው ከአልጋው ሳይወርድ የሚስቱን እጅ ያዘ።

«የልጅቷ የክርስትና ስም ማነው?»

ዘነቡ ወደ በሩ አየች፣ ወደ መስኮቱም አየች። «ዛሬ ምን ትዝ አለህ?»

«ንገሪኝ።»

ጎንበስ ብላ በጆሮው ነገረችው። እኔም ስሙን ሰምቼዋለሁ፤ ግን ለእናንተ ብነግራችሁ ዘነቡ ሁለተኛ ቤቷ አታስገባኝም።

«ለነጥሩወርቅ የላክሽላቸው ይሄን ነው?»

«አበድህ እንዴ? የልጄን የክርስትና ስም ለማላውቀው ደብተራ? ድግምት አድርጎባት ጨርቋን ቢያስጥልብኝስ? ወለተ ኪዳን ናት ብዬ ላክሁላቸው። የእናቷንም ስም የኔን አልሰጠሁም።»

«ወለተ ኪዳን ማን ናት ታዲያ?»

«ማንም አይደለችም።»

መምህር አስናቀው ይስቅ ወይ ይቆጣ አላወቀም። ሙሉ ሌሊት ያሳደደው እሳት የማንም ልጅ አልነበረም። በዚህች በሌለች ሴት ምክንያት ልጁ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

«በይ እውነተኛውን ስም እንንገራቸውና እንደገና ይቁጠሩት» አለ።

«እሱን ከኔ አፍ አይሰሙትም» አለች ዘነቡ። ከእናቷ የወረሰችው ፍራቻ ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመት የፊዚክስ መምህር አግብታም ንቅንቅ አላለም።

ውጭ ውሻው ጮኸ። የዱላና የነጠላ ጫማ ድምፅ ወደ አጥሩ ቀረበ፤ «ቤቶች» አለ አንድ የሽማግሌ ድምፅ። የጓዳው በር ተከፈተና ምንያምር ወጣች። ዓይኗ አብጧል። «አባዬ፣ መጡ» አለችው።

ዘነቡ ወዲያው ከመደርደሪያው ላይ አንድ ያላለቀ የተማሪ ደብተር አውርዳ አልጋው ላይ አኖረች።

«ሒሳብ ታውቅ የለ? የነሱ ልጅ ውሃ ነው አሉ። ከውሃ የሚስማማው መሬት ነው። የፊደሎቹ ቁጥር ሲደመር መሬት የሚወጣ ስም ፈልግልኝ፤ ባለፈው ተሳስቼ ነው የሰጠኋችሁ እላቸዋለሁ።»

«የየፊደሉን ቁጥር ታውቂዋለሽ?»

«በቃሌ።»

ሽማግሌው በድጋሚ «ቤቶች» አሉ። ዘነቡ «መጣን፣ አንዴ ይታገሡን» ብላ መለሰችላቸው። መምህር አስናቀው ልጁን አያት። ከአልጋው እስከ ጓዳው በር ርቀቱን በዓይኑ ለካው፤ ስድስት ክንድም አይሞላም። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«አባዬ» አለች ምንያምር፣ «ኮከብ የጋለ ጋዝ ነው ትል አልነበር?»

«ነው» አላት። «እርሳስ አምጪልኝ።»