ቦንጋ ላይ የተለቀሰላቸው የኖርዌይ ሽማግሌ

አንድ የኖርዌይ ሽማግሌ ቦንጋ ላይ ተለቀሰላቸው። ሰውዬው ቦንጋን በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ነገሩን ካነሣን ደግሞ የሞቱት ፊልም ውስጥ ነው። ለቅሶው ግን የእውነት ነበር።

ዝምታ እንደየአገሩ ነው የሚፈረድበት። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" የሚለውን ተረት እወደዋለሁ፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ከቢታ ገነት ቦንጋ የገባሁት አባቴን ቀብሬ ነው። ዘመድም ዕድርም አልነበረንም። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልናገርም። እግዜር ሲቀልድ ግን በአፌ እንጀራ አበላኝ፤ የጋሽ አዳሙ ቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ሆንኩ። ታስታውሱ እንደሆነ፣ ያኔ እኛ ዘንድ ፊልም የሚታየው በተርጓሚ ነበር፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክ ይዤ እቀመጥና ከሥር የሚያልፈውን እንግሊዝኛ እያነበብኩ በአማርኛ አወርደዋለሁ። ሲመሽ አግዳሚዎቹን ገጥሜ እተኛባቸዋለሁ።

ታዲያ ወጣቱ ከፊልም በተማረው ካራቴ የሰው አጥር ማፍረስ ሲጀምር ቀበሌው ቪዲዮ ቤቱ ይታሸግ አለ። የሚታሸገው መኝታዬም መሆኑ ነው። ጋሽ አዳሙ ደጅ ጠኑ፣ ሽማግሌ ላኩ። በመጨረሻ የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ማሞ ለዘብ አሉ፦ እሑድ አስተማሪ ፊልም ይታይ፤ አባቶችም እናቶችም ይዩት፤ ካስተማረ ይቀጥላል፣ ካላስተማረ ይታሸጋል።

አስተማሪ ፊልም ከየት ይምጣ? የጫካ ማር ሊያጠና መጥቶ ማንኪራ ጫካ የከረመ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ለጋሽ አዳሙ የተወላቸው ካሴት ነበር። ሽፋኑ ላይ ያለውን አነበብኩላቸው፦ የኖርዌይ ፊልም፣ የቤተሰብ ድራማ፣ ለዳይሬክተሩ የመጀመሪያ ሥራው፣ ተሸላሚ። "ከተሸለመማ አስተምሯል" አሉና ደረታቸውን ነፉ። አስቀድሞ ማየት በቤታችን ልማድ አልነበረም፤ ካሴት ማጫወቻው ዴክ ይደክማል።

እሑድ ከቀትር በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ፊልሙ ተጀመረ። በረዶ። ቤት። አንድ አባትና ትልቅ ልጃቸው ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ሕዝቡ ወደ እኔ ዞረ።

"ምን አሉ?" አሉ አቶ ማሞ።

"ዝም አሉ።"

ጥቂት ቆዩና፣ "አሁንስ?"

"አሁንም ዝም ብለዋል፣ ጋሼ።"

ከኋላ፣ ልጁ እንግሊዝኛው አልቆበታል የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። ጋሽ አዳሙ በዓይናቸው ለመኑኝ፤ ከየትም አምጥተህ አንድ ነገር በል ነው። እኔ ግን ያልተባለ አልተረጉምም። ይባስ ብሎ አባትና ልጅ ጎረቤት ሳይጠሩ ለብቻቸው ቡና ጠጡ። እኛ ዘንድ የተኳረፈ ጎረቤት እንኳ ለቡና ይጠራል፤ ሳይጠሩ መጠጣት በር ዘግቶ እንደመብላት ነው። አዳራሹ በካፊኖኖም በአማርኛም አጉረመረመ። "ይሄ የዳይሬክተሩ የመጀመሪያ ሥራው ነው አላችሁ?" አለ አንድ አስተማሪ። "ለመጀመሪያው እንዲህ ከጨከነ፣ ሁለተኛው ላይ ሰው አይተርፍም።"

ወዲያው አባትየው ሞቱ።

ቀብሩ ላይ የነበሩት ቄሱ፣ ልጁና ቆፋሪዎቹ ናቸው። ጡሩምባ የለ፣ ድንኳን የለ፣ እንባ የለ። ልጁ የኮቱን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ ቆመ። እኔም ማይኩን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

የሴቶች ዕድር ሰብሳቢዋ እትዬ ዘነበች ከፊት ረድፍ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብድግ አሉ። "እናንተ ሰዎች፣ እኒህ አባት እንዲህ ሲቀበሩ ቁጭ ብለን እናያለን?" አሉና ሙሾ አወረዱ።

ሙሾ እየወረደ መቀመጥ ነውር ነው። አዳራሹ ተነሣ፤ እንደ ወጉ ተደጋግፎ ግቢ ወጣ። የሟቹን ስም ጠየቁኝ፤ ፊልሙ ውስጥ የጠራቸው አልነበረም። ስለዚህ "አባባ፣ አባባ" እያሉ አለቀሱላቸው። ጋሽ አዳሙም ለተመልካች ሊሸጡት ያስቀቀሉትን ባቄላ የለቅሶ ንፍሮ አድርገው አዞሩት።

አቶ ማሞ ዓይናቸውን ጠርገው ፈረዱ። ፊልሙ እጅግ አስተማሪ ነው፤ ዕድር ያልገባ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ በግልጽ ያሳያል፤ ቪዲዮ ቤቱ ይቀጥል፤ ግን ከእንግዲህ እንዲህ ያለ የተሸለመ ፊልም ብቻ ይታይ። ታየ። ተመልካችም ጠፋ። ክረምት ሳይገባ ጋሽ አዳሙ በራሳቸው እጅ ዘጉት፤ ቀበሌ ያልዘጋውን ቤት ሽልማት ዘጋው። እኔን እትዬ ዘነበች "ቀባሪ አያሳጣህ" ብለው ዕድር አስገቡኝ፤ ጓዳቸውንም ለመኝታ ለቀቁልኝ። አባትህስ ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ያን እሑድ ግን ሰዉ ግቢ ሲያለቅስ ፊልሙ ገና አላለቀም ነበር። ልጁ ከቀብር ተመለሰ። ኮቱን ሳያወልቅ ከአባቱ ባዶ ወንበር ፊት ተቀመጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም አፉን ከፈተ። ጽሑፉ ከሥር አለፈ። ማይኩን አስጠግቼ ተረጎምኩ፦

"አባባ፣ ቡና ላፍላ?"

አዳራሹ ውስጥ የቀረነው እሱና እኔ ነበርን።