በጎቹ አፌን የከፈቱ ዕለት

ዛሬ በጠራራ ፀሐይ፣ የጥርስ ሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሕልም አየሁ። በቀን የታየ ሕልም አይወራም የሚል ካለ ጆሮውን ይያዝ፤ እኔ ካልተናገርኩት አይወጣልኝም።

እዚያ የሄድኩት ታምሜ እንዳይመስላችሁ። ሚስቴ ወሰንየለሽ ቀጠሮዋ ደርሶ እሷን ሸኝቼ ነው። ገባች፤ እኔ ውጭ ስጠብቅ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ።

በሕልሜ ደብረ ብርሃን በግ ተራ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በግ የነገድኩበት ቦታ ስለሆነ አልተሳሳትኩም። ግን በገመድ የታሰርነው እኛ ሰዎቹ ነን። በጎቹ ጋቢ ደርበው፣ ዱላ ይዘው በመካከላችን ይንጎራደዳሉ። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሙክት የጎረቤቴን ከንፈር በሰኮናው ገልብጦ አየና «ይሄ አርጅቷል» ብሎ አለፈው። ሰውየው አሳዘነኝ። ለነገሩ እኔም ስንቱን በግ እንደዚያው ስል ኖሬአለሁ።

«ሰው ገዝተው ምን ሊያደርጉት ነው?» አልኳት አጠገቤ የታሰረችውን ወሰንየለሽን።

«ሊያሳኝኩት ነዋ! ሣር ማመስኳት ሰልችቷቸዋል አሉ። ጥርሱ የተሟላ ሰው ነው የሚፈልጉት።»

ይኼን ጊዜ ልቤ ድንግጥ አለ። ለሚስቴ ያልነገርኳት ጉድ አለኛ! ሦስት ሳምንት ሙሉ የግራ መንጋጋዬ ሲጠዘጥዘኝ፣ ነጭ ሽንኩርት እየወተፍኩበት፣ ቅርንፉድ እየነከስኩ ዝም ብያለሁ። እንዴት ልንገራት? እሷ ምንም ሳያማት በየስድስት ወሩ ጥርሷን የምታስመረምር ሴት ናት። ጎረቤት «ምን ሆና ነው?» ብሎ ሲስቅ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ። «ጤነኛ ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው በሽታ ሊለቅም ነው?» እላታለሁ። እሷ ግን ትሄዳለች። ታይታ፣ አስጠርጋ ትመጣለች፤ ማታም ሳትቦርሽ አትተኛም። ይኸው ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ቆሎ ስትቆረጥም ከደጅ ይሰማል። እኔ ሰርግ ቤት የለስላሳ ቆርኪ በጥርሴ ስከፍት ሰው ሁሉ ያጨበጭብልኛል፤ ፊቷን የምታዞረው እሷ ብቻ ናት። እውነቱን ልናገር፣ የሰው ሳቅ የማይበግራት እንደሷ ያለች ሴት አይቼ አላውቅም።

ሙክቱ እሷ ዘንድ ደረሰ። አፏን አየና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ኧረ ኑ እዩ!» ብሎ ተጣራ። በጎቹ ከየአቅጣጫው ሮጠው መጥተው ከበቧት። «አንድም አልጎደለ! አንድም አልተቦረቦረ!» ተባባሉ። አንዲት ግልገል ያዘለች በግ እልልታዋን አቀለጠችው። ገመዷን ፈቱላት፤ ጃንጥላ ያዙላት።

«እመቤቴ፣ ምን ቢያደርጉ ነው?» አላት ሙክቱ።

«ሳያመኝ እሄዳለሁ» አለች ወሰንየለሽ። «ሌላ ምስጢር የለውም።»

ወዲያው ገበያው ሐኪም ቤት ሆነ። ሐኪሞቹ ነጭ ካፖርታቸውን ለብሰው ደጃፍ ላይ ተሰልፈዋል፤ መንገደኛውን ሁሉ «በናታችሁ፣ ምንም የማያመው ሰው የለም?» እያሉ ይለምናሉ። ወሰንየለሽን ሲያዩ እጅ ነስተው አሳለፏት። እኔም ከኋላዋ ልገባ ስል አንዲት መነጽር ያደረገች ፍየል በሩ ላይ አገደችኝ።

«የሚያመው አይገባም። ሲሻልህ ተመለስ።»

«ሲሻለኝማ ለምን እመጣለሁ?»

«ጉድ እኮ ነው! ታዲያ ሰው የሚመጣው መቼ ነው?»

«ምንም አያመኝም» ብዬ ዋሸሁ። ሙክቱ ከኋላዬ መጣና በቀንዱ ጫፍ መንጋጋዬን ኳ አደረጋት። ጩኸቴን አታንሱት።

«ይሄኛው ይቅርብን» አለ ሙክቱ። «እሷን ይዘን እንሄዳለን።»

ይዘዋት ሊሄዱ ነው! ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬያት የኖርኳትን ሴት በአንድ የበሰበሰ መንጋጋ ላጣት ነው። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«ወሰንዬ! ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው?»

ቆመች። ዞር ብላ አየችኝና ሙክቱን «እሱ ከሌለበት እኔም የለሁበትም» አለችው።

«ቆይ፣ አፉን ሳያዩ ነው እንዴ ያገቡት?» አላት ሙክቱ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ክፈት ብለው እምቢ አለኝ!»

በጎቹ ሁሉ ዞረው አፈጠጡብኝ። ሙክቱ ሰኮናውን ሲያነሳ «ተወው፣ እኔው ራሴ እከፍተዋለሁ!» ብዬ አውራ ጣቴን አፌ ውስጥ ከተትኩ።

«አንተ ሰውዬ! ደምሰው! ኧረ ሰው እያየህ ነው!»

ወሰንየለሽ ትከሻዬን ይዛ ትነቀንቀኛለች። ዓይኔን ስገልጥ ጣቴ እውነትም አፌ ውስጥ ነው። በግ ስገዛ እንደማደርገው የራሴን ከንፈር ገልብጬ ይዤ፣ የበሰበሰ መንጋጋዬን ለተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ አሳያለሁ። የወተፍኩት ነጭ ሽንኩርት ጉልበቴ ላይ ወድቋል።

የሚስቴን ምርመራ ጨርሳ በር ድረስ የሸኘቻት ወጣት ሐኪም ጎንበስ ብላ አየችኝ። «አባባ፣ ይሄኛውስ አልፎበታል፤ ይነቀላል። ከጎኑ ያለው ዛሬ ከተሞላ ይተርፋል። አምና ከሳቸው ጋር መጥተው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በተረፉ።»

ወሰንየለሽ ሽንኩርቱን ከጉልበቴ ላይ አነሳችው። አሸተተችው።  የጋቢዬን ጫፍ ጨብጣ ወደ ውስጥ ሳበችኝ፤ እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጎትታቸው እንደኖርኩት በጎች አንገቴን ደፍቼ ተከተልኳት።