የታጠበችው ጠገራ

አጭበርባሪን ከሩቅ አውቀዋለሁ የሚል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። አቃቂ ላይ ያ ሰው እኔ ነኝ። እኔ የማውቃቸው ግን ታክሲ ውስጥ ኪስ የሚዳብሱትን ሳይሆን ኢንተርኔት ላይ አሮጌ ሳንቲም በጨረታ የሚሸጡትን ነው። እንዴት እዚህ ሙያ ውስጥ ገባህ ብትሉኝ፣ በቀን ህልም በሉት። ያኔ፣ ከሰዓት በኋላ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለችው ኢንተርኔት ቤት ጎራ እላለሁ፤ አንድ ገጽ እከፍትና እጠብቃለሁ። የዚያን ጊዜውን ኔትወርክ አትረሱትም መቼም። የሳንቲሙ ፎቶ ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ዘውዱ፣ ቆይቶ ግንባሩ፣ ሻዬን ጠጥቼ ስጨርስ ደግሞ አገጩ። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ በአቃቂ ሰው ተቀምጦ የሚጠብቀው ነገር ጠፍቶ ነበርና እኔ ይህን መጠበቅ ወደድኩት። ፀሐይዋ በመስኮቱ በኩል ታዘቀዝቃለች፤ ውጭ ባጃጆቹ ይንጫጫሉ፤ እኔ አገሩን የማላውቀው ንጉሥ እስኪመጣልኝ አገጬን በእጄ ደግፌ እቆያለሁ። አንድም ሳንቲም ገዝቼ ግን አላውቅም።

የማይገዛ ሰው ጥሩ ታዛቢ ይወጣዋል። ወስላታ ሻጭ ምልክት አለው። ሳንቲሙ ትናንት የተሠራ እስኪመስል ያብረቀርቃል። የሚያሳያችሁ አንዱን ገጽ ብቻ ነው፤ ሌላውንስ ስትሉት ወሬ ይቀይራል። ስለ ሳንቲሙ ሁለት ቃል ጽፎ ስለ አያቱ ግን መጽሐፍ የሚያህል ይጽፋል፤ ሳጥን አለ፣ ኑዛዜ አለ፣ የሚያለቅስ ሰውም አይጠፋም። ከዚያ ይምላል። ማንም ሳይጠረጥረው የሚምል ሻጭ ካያችሁ ገጹን ዘግታችሁ ሽሹ። ይህን ሁሉ ለኢንተርኔት ቤቱ ደንበኞች በነጻ አስተምራለሁ፤ የሚሰማኝ ባይኖርም።

ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ግን ሰምተው ኖሯል። ባለቤታቸው ጋሽ ተካልኝ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መንገደኛውን በኮቴው ይለያሉ። ሐኪሙ ሞራው ይገፈፋል ብሏል። የሚገፈፍበት ገንዘብ ነው የጠፋው። እትዬ አስካለ ከአባታቸው የወረሷት አንዲት ጠገራ ብር ነበረቻቸው፤ በአንድ ገጿ ደረቷ ሞላ ያለ ሴትዮ፣ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር ያለባት። ውጭ አገር ያለው የወንድማቸው ልጅ ጨረታ ላይ ብቻ ትውጣ፣ ሌላውን ለኔ ተዉት ብሏቸዋል።

"እንግሊዝኛውን አንተ ትጽፍልኛለህ፤ ከምነግርህ ሳትቀንስ" አሉኝና የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈቱ።

ዓይኔን ወጋኝ። ጠገራዋ ታበራለች።

"እትዬ፣ ምን አደረጓት?"

"በሎሚና በአመድ ፈተግኳት። ሳትታጠብ ሰው ፊት ትቀርባለች እንዴ?"

ያ ጠቆር ያለው መልኳ ዕድሜዋን የሚመሰክርላት እንደነበር፣ ገዢዎቹም የሚከፍሉት ለእሱ እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው እድፍ የሚገዛ፣ ብለው ሳቁብኝ። ፎቶ ላይም አልተስማማንም። ሴትዮዋን አነሳናት፤ ንስሩን ግን ከለከሉኝ፤ ሰው መጀመሪያ የሚተዋወቀው በፊቱ ነው አሉ። ከዚያ የአባታቸውን ታሪክ ከባቡር ሥራ እስከ ቀብራቸው አጻፉኝ። መጨረሻ ላይ የሳሪሱን አቦ ምስክር ጠሩ። ጽፌ ስጨርስ መልሼ አነበብኩት። ከጽሑፉ የወጣው እኔው ራሴ ሽሹ የምላችሁ ዓይነት ሻጭ ነበር፤ ቃላቸው ግን ሁሉም እውነት ነበር።

መልሱ አልዘገየም። አንዱ ገዢ የሳንቲሙ ሁለተኛ ገጽ የት አለ ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው እንዲህ ያለውን አጭበርባሪ እናውቀዋለን ብሎ ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ የጨረታው ባለቤቶች ማስታወቂያውን አነሱት። እትዬ አስካለ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ምን አሉ?"

"አላመኑም።"

"አቦን ጠርቼላቸው?"

አንጀቴን በሉት። እንግዲህ ኩራዝ ጭስ ላይ ትንሽ እንያዛት፣ ትጠቁርና እንደገና እናውጣት አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። "እስከዛሬ ያላጭበረበርኩትን፣ ዛሬ ለማላየው ሰው ላጭበርብር?" አሉና ጠገራቸውን ቋጥረው ወጡ።

ሳሪስ ላለ አንድ አንጥረኛ ሸጧት። ሰውየው ታሪክ አልጠየቀም፤ በሚዛኑ አስቀምጦ የብሯን ዋጋ ከፈለ። ለአንድ ዓይን በቃች። ጋሽ ተካልኝ ፋሻው የተፈታላቸው ቀን እኔን ትክ ብለው አይተው፣ "ድምፅህ ልጅ ነበር እኮ" አሉኝ። ባለቤታቸውን ግን ብዙ አዩአቸው። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ሰንበትበት ብሎ፣ እንደ ልማዴ ተቀምጬ አንዲት ጠገራ ትወርድልኝ ጀመር። ጥቁር ናት፤ ደስ የምትል ጥቁር። በሁለቱም ገጿ ተነስታለች። አያት የለም፣ መሐላ የለም፤ ከሥሯ "አሮጌ። ታጥባ የማታውቅ።" ይላል። ሻጩ በገዢዎቹ የተመሰገነ ነው፤ ዋጋዋም እየወጣ ነው። ይህን ሻጭ ለደንበኞቼ በምሳሌነት ላሳየው ስል የጠርዟ ፎቶ ወረደ። የእትዬ አስካለ አባት ብሯን የተቀበሉ ቀን እውነተኛ መሆኗን ሊያረጋግጡ ነክሰዋት ነበርና፣ የጥርሳቸው ምልክት ጠርዟ ላይ ቀርቶ ነበር፤ እነሆ ፎቶው ላይ አለ።

ሄጄ እትዬ አስካለን ጠራኋቸው። መጥተው ወደ ኮምፒዩተሩ ጠጋ ብለው አዩዋት።

"ጽሑፉ ምን ይላል?"

"አሮጌ ናት ይላል።" የቀረውን አልተረጎምኩላቸውም።

"እሱስ እውነቱን ነው። ግን ምነው ልጄ፣ ማን ነው እንዲህ ያቆሸሻት?" አሉ፤ የነጠላቸውን ጫፍም በምራቃቸው እርጥብ አድርገው የኮምፒዩተሩን መስታወት ይፈትጉት ጀመር።