ክቡር አይሆንም እና ተርባይኑ

በየመሥሪያ ቤቱ «አይሆንም» ለማለት ብቻ የተቀጠረ የሚመስል አንድ ሰው አይጠፋም። የሌላው መሥሪያ ቤት አይሆንም ባይ ስብሰባ ያደናቅፋል፤ የዚህ ሆስፒታል ግን ምድር ቤት ወርዶ ተርባይን ይጠብቃል። ሠራተኛው ሁሉ «ክቡር አይሆንም» ይላቸዋል፣ በሌሉበት።

ተርባይኑ ከቁም ሣጥን እምብዛም አይበልጥም። ጋዝ አቃጥሎ ለሆስፒታሉ መብራት ይሰጣል፤ የሚተፋው ሙቀት ደግሞ ውሃ ያፈላል፣ የሕሙማን ክፍሎችን ያሞቃል። የተመረቀ ዕለት ሁሉም ሲያጨበጭብ ክቡርነታቸው እሳት ማጥፊያ ታቅፈው በሩ ሥር ቆመው ነበር። የሻጩ ሰው «ዓመት ሙሉ ምንም አይሆንም» ቢል፣ «ማን ነገረህ? እሱ ራሱ?» ብለው አፋጠጡት። በእህታቸው ልጅ ሠርግ እንኳ ሙሽሮቹ ከመግባታቸው በፊት የአዳራሹን የመብራት ሣጥን አስከፍተው አይተዋል። ሊፍት አይሳፈሩም። በደረጃ ወጥተው ከሊፍት የሚወርደውን ሰው «ደረስክ?» ይሉታል፣ ተስፋ ቆርጠው እንደነበር ሁሉ።

ከሦስት ወር በፊት አለቃቸው ሆና የመጣችውን መሐንዲስ ጨጓራዋን ልጠውታል። እሷ ስክሪኑን ታምናለች፤ እሳቸው ጆሯቸውን። አንድ ጠዋት «ጋሼ፣ ደህና አደሩ?» ብትላቸው፣ «ገና ምኑ ታውቆ» አሏት።

አንድ ማክሰኞ የከተማው መብራት ለመስመር ጥገና ቀኑን ሙሉ ተቋረጠና ሆስፒታሉ በተርባይኑ ብቻ ቀረ። አራት ሰዓት ገደማ ክቡር አይሆንም ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቢሮዋ ገቡ።

«እናጥፋው» አሏት።

ስክሪኑን አየች፤ ሁሉም አረንጓዴ ነው። አብራቸው ምድር ቤት ወርዳ ጆሮዋን ብታቆም ከጩኸቱ በቀር የሰማችው የለም። እሳቸው ድምፁ ቀጥኗል፣ ኩሽኔታው ዘንጉን መያዝ አቅቶታል ይላሉ። በዚያ ፍጥነት የሚሽከረከር ዘንግ ከቦታው ከወጣ ደግሞ ማሽኑ ራሱን ይበላል፤ ጋዙም አጠገቡ ነው። ማጥፋቱም ቀላል አልነበረም። ላይ ቤት አንዲት እናት ሆዷ ተከፍቶ ተኝታለች። አሮጌው የናፍጣ ጀነሬተር እስኪነሳ ሃያ ሰከንድ ጨለማ ነው፤ ቢነሳም ለቀዶ ሕክምናው ቢበቃ ነው እንጂ ያለጊዜያቸው የተወለዱትን ሕፃናት ክፍል አያሞቅም።

«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?» አለቻቸው።

ክቡር አይሆንም ኮፍያቸውን አገላበጡ። «አይደለሁም» አሉ ቀስ ብለው። «ፈርቻለሁ ግን።»

ሦስት ወር ሙሉ እርግጠኛ አይደለሁም ሲሉ ሰምታቸው አታውቅም። ስልኩን አንስታ ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ደወለች። ሐኪሙ ደሙን እስኪያቆም ስምንት ደቂቃ ጠየቀ። ለሕፃናቱ ክፍል ነርሶችም ነገረቻቸው፤ እነሱም ጨቅላዎቹን በየእናታቸው ደረት ላይ አስተኝተው በብርድ ልብስ መጠቅለል ጀመሩ።

ስምንት ደቂቃ መርፌ ላይ እንደመቀመጥ ሆነባት። ክቡርነታቸውን ከማሽኑ ክፍል እንዲወጡ ብታዛቸው፣ «አይሆንም» ብለው መዳፋቸውን ብረቱ ላይ እንዳሳረፉ ቀሩ። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ማሽኑ ሲያፏጭ እሷም ሰማችው። ስክሪኑ አሁንም አረንጓዴ ነበር። እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች፣ እሳቸው የተርባይኑን ማጥፊያ ቁልፍ እንደያዙ ተያዩ።

ሐኪሙ «አሁን» አለ።

ጨለመ። አንድ፣ ሁለት እያለች ቆጠረች። አሥራ ዘጠኝ ላይ ጀነሬተሩ አስነጥሶ ተነሳ።

ከሰዓት በኋላ ተርባይኑ ሲቀዘቅዝ ፈቱት። ኩሽኔታው ጠቁሮ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። እናቲቱ ነቅታ ውሃ እንደጠየቀች፣ ሕፃናቱም አንዳቸውም እንዳልቀዘቀዙ ተነገራቸው። መሐንዲሷ የተሰነጠቀውን ብረት መዳፏ ላይ ይዛ ምን ብላ እንደምታመሰግናቸው ቃል ስትፈልግ ቀደሟት።

«ብሳሳትስ ኖሮ?» አሉ ተቆጥተው። «ሁለተኛ እንዲህ ዝም ብለሽ ሰው እንዳታምኚ፣ ልጄ።»

መሐንዲሷ ብረቱን አስቀመጠች። እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘችና ቁጣቸው እስኪበርድ ድረስ አለቀቀችም።