ዘር የሚቆጥረው በገና

ባለፈው ቅዳሜ መካነ ኢየሱስ ገበያ በበቅሎ ሄጄ በእግሬ ተመለስኩ። አትሳቁ። መንገዱን ሁሉ ጉልበቴን እየረገምኩ፣ ‹‹ዛሬ ምነው ዳገቱ በዛብኝ?›› እያልኩ ነው የመጣሁት። በር ላይ ስደርስ ባለቤቴ ስንዱ እኔን አየች፤ ከኋላዬ ያለውን ባዶ መንገድ አየች፤ እንደገና እኔን አየችና ‹‹በቅሎዋስ?›› አለችኝ። ‹‹የምን በቅሎ?›› ብያት እርፍ።

ሰኞ ፍለጋ ወረድኩ። ያሰርኩበት ግንድ አለ፤ በቅሎዋ የለችም። ከመጣሁ አይቀር ብዬ ወደ ክሊኒኩ ጎራ አልኩና ድሬሰሩን፣ ገበያ ላይ በቅሎ ለሚረሳ ሰው መድኃኒት አለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ጎበዝ ልጅ ነው። ዓይኔን ገልጦ አየ፤ ምላሴን አውጣ ብሎ አየ። የምላሴና የበቅሎዋ ግንኙነት እስካሁን አልገባኝም። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹‹ጋሼ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ይማሩ›› አይለኝም! በስተርጅና ሙዚቃ የሚለማመድ ሰው አእምሮው አይዝልም፣ ማስታወሱም አይከዳውም ይላሉ ሐኪሞቹ አለኝ። ክራርም ይሁን ማሲንቆ፣ ዋናው ነገር ሳያቋርጡ መለማመዱ ነው አለ።

ይኼን ስሰማ ላብ አጠመቀኝ። ልጁ ትኩሳት መስሎት ቴርሞሜትር አፌ ውስጥ ከተተብኝ። መልስ ሳልሰጠው የመጣሁት ለዚህ ነው። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። ልጁ ያለው እውነት ነው። ሙዚቃ የረሱትን ያስታውሳል። በእኛ ቤት ተሞክሯል፤ አንድ ደብር ሙሉ ትዳር ሊፈታ ለጥቂት ተረፈ እንጂ!

የሞከሩት አያቴ ናቸው፣ ግራዝማች አዳሙ። ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ነው፤ እኔ ያኔ ሚስት ፈላጊ ጎረምሳ ነበርኩ። ግራዝማችን አገር የሚያከብራቸው በማዕረጋቸው እንዳይመስላችሁ። ዘር ቆጣሪ ነበሩ። መቼም እኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመድ ሰው እንደማይጋባ ታውቃላችሁ። ሁለት ቤተሰብ ከተስማማ በኋላ ሽማግሌ ይሰበሰብና የልጁና የልጅቷ ትውልድ ይቆጠራል። የእከሌ ልጅ፣ የእከሌ ልጅ እየተባለ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ አያት ላይ ካልተገናኙ ይጋባሉ። ከተገናኙ ወንድምና እህት ናቸውና ደኅና ሁኑ ነው። በእኛ በእስቴም ሆነ ወንዝ ተሻግሮ በስማዳ፣ ግራዝማች ሳይቆጥሩ ጠላ የሚጠምቅ አልነበረም።

እርጅና ግን እሳቸውንም አልማረም። መጀመሪያ የጎረቤቶቻቸው ስም ጠፋቸው። ቀጥሎ ነገር ይምታታባቸው ጀመር። አንድ ጊዜ የአንዲት ሙሽራ ዘር ሲቆጥሩ ‹‹የዓለሙ ልጅ፣ የቦጋለ ልጅ፣ የቦራ ልጅ...›› ብለው ቀጠሉ። ቦራ በሬያቸው ነው። የሙሽራዋ አባት ሊቆጣ ብድግ ብሎ ነበር። ግን ቦራን ያውቀዋል፤ ከዘመዶቹ መካከል እንደሱ የሚያርስ እንደሌለም ያውቃል። ተመልሶ ተቀመጠ።

እንግዲህ እኔ ስንዱን የወደድኳት በዚህ ክፉ ሰዓት ነው። የስማዳ ልጅ ናት። የንግሥ ቀን አይቻት እሷን ካላገባሁ እመነኩሳለሁ ብዬ አገር አወክሁ። እናቴ ናት ‹‹አንተ ረቡዕና ዓርብን መች ጾመህ ነው የምትመነኩሰው?›› ብላ ዝም ያሰኘችኝ። እንደምንም ቤተሰብ ተስማማ፤ ሰርጉም ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባለ። የቀረው ቆጠራው ብቻ ነው። ግራዝማች ጀመሩ። አራተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ራሳቸውን አከኩ። ‹‹ከዚህ በላይ ያለውን እግዜር ያውቃል›› አሉ። የስንዱ አባት፣ ወገዳ ገበያ ላይ እንኳ የሚፈሩት ሰው፣ ‹‹እግዜርማ ያውቃል፤ እኔ ሳላውቅ ግን ልጄን አልሰጥም›› አሉ። ግራዝማች እስኪያስታውሱ ድረስ ሰርግ የለም ተባለ።

ምን ላድርግ? ማር አበላኋቸው። አናታቸውን ቅቤ ቀባኋቸው። ትርፉ ዝንብ ነው። ሲጨንቀኝ ወደ ደብራችን መሪጌታ ሄድኩ። መሪጌታ ከግራዝማች በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ግን በወጣትነታቸው ከድጓው ጉባኤ ቤት፣ ከቤተልሔም፣ ተቀምጠው የተማሩትን ድጓ ዛሬም ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ያዜሙታል። ምን ቢበሉ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ሽሮ ነው አሉኝ። ይልቅ አእምሮ የሚሰንፈው ዜማ ሲያጣ ነው፣ ግራዝማች ለድጓ ጊዜው ቢያልፋቸውም በገና ግን አያቅታቸውም፣ ጾሙም ገብቷል፣ ብለው ከግድግዳቸው ላይ አሮጌ በገና አውርደው አሸከሙኝ።

አቤት የዚያ ጾም ጉድ! የግራዝማች ጣት ሞፈር የለመደ ጣት ነው፤ አውታሩን የሚይዙት እንደ በሬ ጅራት ነበር። በገና ደግሞ እንደምታውቁት ዝዝዝ ነው ድምፁ። በመጀመሪያው ቀን ጎረቤታችን እምሩ ንብ የሰፈረ መስሎት ባዶ ቀፎውን ተሸክሞ እየሮጠ መጣ። ቁጭ ብሎ እስኪያልቅ ሰማና፣ ‹‹ለማንኛውም›› ብሎ ቀፎውን እኛው ግቢ ትቶት ሄደ። ላሚቱ ወተት ከለከለች። ውሻው ወደ ሌላ ቤት ገባ። የግራዝማች ባለቤት እሜቴ ያልጋነሽ ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። ከሚፈትሉት ጥጥ ቆንጠር አድርገው ሁለቱንም ጆሯቸውን ደፈኑና እንዝርታቸውን ማሽከርከር ቀጠሉ።

አውታሮቹ እየተምታቱ ሲያስቸግሯቸው፣ መሪጌታ ‹‹ለያንዳንዱ ስም ያውጡለት›› አሏቸው። ሌላ ሰው ቢሆን የቅዱሳን ስም ያወጣል። ግራዝማች ግን የለመዱት ዘር ነው። የመጀመሪያውን አውታር አባቴ፣ ቀጥሎ ያለውን አያቴ እያሉ ሽቅብ ወጡ። በገና ሁሉም አውታሩ አይመታም፤ አንዳንዱ ጣት ማሳረፊያ ነው። ማሳረፊያዎቹን ልጅ ሳይወልዱ ለሞቱ አጎቶቻቸው ሰጧቸው።

ደግሞስ ሠራ! ሆሳዕና ሳይደርስ የጎረቤቶቹ ስም ተመለሰ። ቦራም ወደ በሬነቱ ተመለሰ። ጭራሽ አንድ ቀን በገናውን እየደረደሩ ሳለ ድንገት ቆም አሉና፣ ጣሊያን ሳይመጣ የጠፋው ማጭድ ጎታው ሥር ነው አሉ። ጎታውን ፈነቀልን። ማጭዱ አለ! እሜቴ ያልጋነሽ ወስደው ሳሉትና ግድግዳው ላይ ሰኩት። እኔ መሬት ሳምኩ። በልቤ ስንዱን አገባኋት።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ሽማግሌው ሁሉ ግቢያችን ተሰበሰበ። የስንዱ አባት ከነባለቤታቸው መጡ። ጭቃ ሹሙም ከነሚስቱ መጣ። እምሩም ከሚስቱ ጋር መጣ፤ በዚያውም ቀፎው ንብ ገብቶበት እንደሆነ አየ። ግራዝማች በገናውን ታቀፉ። የእኔን ወገን ቆጠሩ። ዝዝዝ፣ የእከሌ ልጅ። ዝዝዝ፣ የእከሌ ልጅ። ከዚያ የስንዱን ያዙ። ስድስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ደግመው መቱት። ፊታቸው በራ።

‹‹ወለቴ!›› አሉ። ‹‹የሁለቱም አያት ወለቴ ናት! ስድስተኛ ቤት ላይ ተገናኙ!››

ይኼን ሲሉ ደግሞ የምሥራች እንደሚነግር ሰው ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ። ልቤ ተሰበረ። አሁን እስቃለሁ እንጂ የዚያን ዕለት እንባዬ መጥቷል። የስንዱ አባት ዱላቸውን አነሡ፤ ‹‹እግዜር ልጄን ከወንድሟ አወጣት›› ብለው ተነሡ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔ ዛሬ ገዳም ነበርኩ።

ግራዝማች ግን መች ይቆማሉ? ‹‹ቁጭ በሉ፤ ጣቴ ገና መሟሟቁ ነው›› አሉ። ጭቃ ሹሙን ከነሚስቱ አዩዋቸውና ጀመሩ። ዝዝዝ፣ ዝዝዝ። አምስተኛ ቤት! ጭቃ ሹሙ የልጆቹን እናት ቢያቅፋት ነውር፣ ቢሸሻት ነውር ሆኖበት መሐል ላይ ቆመ። እምሩ የሚስቱን እጅ ይዞ በአጥር ዘለለ። ቀፎውን ረሳው። የስንዱ አባት በሩን ሊወጡ ሲሉ ግራዝማች ከኋላቸው ‹‹የአንተንማ ቁጭ ብዬ እኮ ነው የማስታውሰው!›› ብለው ደረደሩት። አራተኛ ቤት! የሰውዬው ዱላ ከእጃቸው ወደቀ። ሚስታቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። መሪጌታ እንኳ ‹‹ግራዝማች፣ ይብቃ፣ ስለ ማርያም›› እያሉ ይለምናሉ። የሚሰማቸው የለም።

‹‹እንግዲህ የቀረነው እኛ ነን›› አሉ ግራዝማች፣ ወደ ባለቤታቸው ዞረው። እንደ ሙሽራ አፍረው። ጣታቸውን ሁለተኛው አውታር ላይ አሳረፉ፤ ዝዝዝ። ወደ ሦስተኛው አሻገሩት።

እሜቴ ያልጋነሽ ጥጡን ከጆሯቸው አወጡ። ተነሡ። ያን ማጭድ ከግድግዳው መዘዙ። አንድ ጊዜ ሰነዘሩ፤ አውታሮቹ ጧ ብለው ባንዴ ተበጠሱ። ማጭዱን መልሰው ሰክተው እንዝርታቸውን አነሡ።

ግራዝማች የተበጠሰውን በገና አዩ። ሰዉን አዩ። ራሳቸውን አከኩ።

‹‹ምን ልንቆጥር ነበር?›› አሉ።

የስንዱ አባት ዱላቸውን ከመሬት አነሡ። አቧራውን አራገፉ። ተመልሰው መጥተው ተቀመጡ። ‹‹የልጆቹን ነው ግራዝማች›› አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። ‹‹እርስዎ ገና አልጀመሩም።››

ግራዝማች በባዶ እጃቸው ቆጠሩ። አራተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ‹‹ከዚህ በላይ ያለውን እግዜር ያውቃል›› አሉ።

‹‹እግዜር ካወቀ ይበቃል›› አሉ የስንዱ አባት። ጭቃ ሹሙ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ አሜን አለ።

በሰርጌ ቀን የእሜቴ ያልጋነሽን ጉልበት ስስም አላስቻለኝም፤ ግራዝማች ቢጨርሱት ስንተኛ ቤት ነበራችሁ አልኳቸው። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ ‹‹ሦስተኛ›› አሉኝ። ‹‹የኛ ጊዜ ቆጣሪ ጠጅ ይወድ ነበር።›› ያለ በገና እንዴት እስከ ዛሬ አልረሱትም ብላቸው፣ ‹‹የማይነገረውን ለይቶ ዝም ለማለት እኮ ሁሉን ማስታወስ ያስፈልጋል፣ ልጄ›› አሉኝ።

ይኼው እንግዲህ ድሬሰሩ ሙዚቃ ተማር አለኝ። ብፈራም፣ በእግር ከገበያ መመለሱ ደግሞ አንገፈገፈኝ። ለአውታር የሚሆን የበግ አንጀት ከሥጋ ሻጩ ለምኜ መጣሁ። አውታር አልባው በገና ዛሬም ግድግዳችን ላይ ነው። አውርጄ አቧራውን ስጠርግ ስንዱ ሣር አጭዳ ገባች። ምን ልታደርግ ነው አለችኝ። በቅሎ እንዳልረሳ ልለማመድ ነው አልኳት። አንጀቱን አየችው። በገናውን አየችው።

‹‹በቅሎዋ ራሷ መንገዱን አስታውሳ መጥታለች፤ ጓሮ ናት›› አለችኝ። ‹‹ሌላ የምታስታውሰው ነገር አለ?››

ማጭዱን ከእጇ አላስቀመጠችም። ያው የጎታው ሥር ማጭድ ነው።

‹‹የምን ነገር?›› አልኳት።