ለእንግሊዝኛ ሲሉ ዙፋን የለቀቁት አለቃ

እንግሊዝኛን ከዙፋን የጀመረ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኛ አለቃ አቶ ደምሴ፣ ሀዋሳ ፒያሳ የእንግሊዝኛ ኮርስ ገብተው ስለ ንጉሥ ሥልጣን የሚነገሩትን ቃላት ብቻ ሸምድደው መጡ። ባጃጅ ሲሳፈሩ በእንግሊዝኛ «ዙፋን ላይ ወጣሁ» ይላሉ። ለምሳ ሲወጡ ጸሐፊያቸውን «ዘውዴን አወረስኩሽ» ይሏታል። ይሁን፣ ማንን ጎዳ?

ግምገማ መጣ እንጂ! ሰብሳቢው ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ሲጠይቋቸው፣ የሳምንቱ አዲስ ቃል አላስችል አላቸውና ከረባታቸውን አስተካክለው «አይ አብዲኬት!» አሉ።

«ምን ማለት ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

ወንበራቸውን ሲመኝ የኖረው ምክትላቸው ብድግ አለ። «ሥልጣኔን በፈቃዴ ለቅቄያለሁ ማለት ነው።»

ትርጉሙ አንድም ስህተት የለው! ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ፤ እኛም አጨበጨብን።

አቶ ደምሴ በማግስቱ ወደ ኮርሱ በረሩ። «መምህር፣ ዙፋን ላይ መመለስስ ምን ይባላል?»

«እሱ ደረጃ ሁለት ላይ ነው አቶ ደምሴ። ይመዝገቡ።»